አረንጓዴው እጣቢ

ደሴ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለክንፈ፣ ካለህበት መካነ ሰላም።

አሰላሙ አለይኩም። መልሱን እዚያው ሆነህ ጮክ ብለህ በልልኝ፤ ደርሶኛል ብዬ እቆጥረዋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ማለትም የለም። ልጄ ሩፋይዳ ጠዋት መድኃኒት ቤቷን ልትከፍት ስትወጣ ይዛኝ ትሄድና አንድ ጥግ ታስቀምጠኛለች። የገባ ሰው ሁሉ በሽተኛ እየመሰልኩት "ይማርዎ" ይለኛል። አሚን እላለሁ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው።

ደብዳቤህን ሾፌሩ አራጋው ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ወዲህ አራጋው ሾፌር ብቻ አይደለም፤ ፖስታ ቤትም ነው፣ ራዲዮም ነው፣ ሲቸግር ሽማግሌም ነው። የከላላን ገበያ ወሬ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ያንተን ደህንነት ስጠይቀው ግን "ደብዳቤው ውስጥ ይኖራል" ብሎኝ ሄደ። ደብዳቤው ውስጥ ያገኘሁት አንዲት ዶሮ ነው።

እንግዲህ የብሩሽ እጣቢ ጠጣች ስላልከኝ ዶሮ። ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ጡረታ የወጣውን የኬሚስትሪ መምህር ስለ ዶሮ ጤና ሲጠይቅ ደስ አይልም። በትምህርት ቤታችን ዶሮ ያንተ ክፍል ነበረች። ቢሆንም እመልሳለሁ። የውሃ ቀለም የሚሠራው ከግራር ሙጫና ከቀለም ዱቄት ነው። ሙጫው ምንም አይልም። ዱቄቱ እንደ ዓይነቱ ነው። አንተ "አረንጓዴ" ብቻ ብለህ ጽፈሃል። በላክሁልህ ሳጥን ውስጥ ሁለት አረንጓዴ ቱቦ ነበር፤ አንዱ ስሙ ያለበት፣ አንዱ ወረቀቱ የተላጠ። የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ። ከተላጠው ከሆነ በጣት የምታህል ቅብ ወረቀት ላይ አድርገህ ላክልኝ። ለማወቅ ያህል ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ዶሮዋ "ግማሽ ሃይላንድ ጠጣች" ብለሃል። ዶሮ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ፈታ ስትጠጣ አይቼ አላውቅም። ከጠጣች በኋላ "ደህና ነኝ አለች" ብለህ ጽፈህ ሰርዘኸዋል፤ የሰረዝከው ግን በቀጭኑ ነው።

ክንፈ፣ ዶሮዋ ማን ናት?

የማትነግረኝ ከሆነም ዶሮዋን ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ሰው ከሳቀ ይሳቅ።

ወንድምህ ኑርሁሴን


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኑርሁሴን፤

ወአለይኩም ሰላም ብያለሁ። ጮክ ብዬ ስለነበር እትየ አልታየች ከጓዳ "ማን መጣ?" አለችኝ።

ዶሮዋ እሷ ናት።

ይቅርታ አድርግልኝ። ስሟን ከጻፍኩት ነገሩ እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው። ይቺ እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ እንደሆነች ላንተ አልነግርህም፤ ታውቃታለህ፤ አንተንም በልምጭ ገርፋሃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚካኤል አዲሱ የትምህርት አዳራሽ ለኅዳር በዓል ይመረቃል። አለቃ ይሄነው "ማንበብ የማይችለው ምእመን ዓይቶ ይማር" ብለው፣ ጌታ ሲያስተምር በየመንገዱ ያነሳቸውን ዕፅዋት እንድስል ጠየቁኝ። አንተ በላክህልኝ ቀለም፣ ተክሉን ከየጓሯችን እየለቀምኩ፣ ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን እንደ ባዮሎጂ መጽሐፍ አድርጌ ጀመርኩ። ሰናፍጩ አልቋል። የሜዳ አበቦቹ አልቀዋል። ሾላውም አልቋል። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ሾላውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና አንደኛው "ዘኬዎስስ የት አለ?" አለኝ። "ወርዷል" አልኩት። እርስ በርስ ተያዩ። አለቃ ይሄነው ብቻ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

የምሠራበትን መንገድ ብታውቅ ትስቅብኛለህ። ቀለም እዚህ አይገኝም፤ ስለዚህ ብሩሽ ያጠብኩበትን ውሃ አልደፋም። አረንጓዴውን ከቡኒው እየለየሁ በየሃይላንዱ እይዘዋለሁ። ሲውል ሲያድር ለቅጠል የመጀመሪያ ስስ ቅብ ይሆነኛል። ሃይላንዱን የማስቀምጠው መስኮቱ ላይ ነው። የእትየ አልታየች የጸበል ሃይላንድም የሚቀመጠው እዚያው ነው። በዚህ አገር ጸበል ያልተያዘበት ሃይላንድ የለም።

አንድ ቀን ልሠራ ስቀመጥ አረንጓዴው ግማሽ ሆኗል።

"እትየ፣ እዚህ የነበረው ውሃስ?"

"ጠጣሁት።"

"ለምን?"

"ውሃ ለምን ይጠጣል?" ብላኝ ባቄላ መፈልፈሏን ቀጠለች።

"ምላስሽን አሳይኝ።"

"ይኼን ሁሉ ዘመን ስኖር ምላስሽን ያዥ ያለኝ እንጂ አሳይኝ ያለኝ የለም።" አሳየችኝ። አረንጓዴ ነበር።

ጸበል መስሏት ነው። የኛ ምንጭ ከክረምት ማግሥት ጭቃ ስለሚለብስ መልኩን አይቶ የሚጠራጠር የለም። ከነሐሴ ጀምሮ ሆዷን ስለሚያማት እምነቷን ይዛ ጠጣችው፤ የጠጣችው ግን የወንድሟን የብሩሽ እጣቢ ነው። ይኼን እንዴት ብዬ ልንገራት? ቀጥሎስ "ምናልባት መርዝ ይሆናል" ልበላት?

ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ። ነርሷ "ምን ጠጡ?" ስትል እትየ ከጎኔ ስለነበረች "ዕፅዋት ነክ ነገር ነው" አልኩ። ኮሶ መስሏት "በዚህ ዕድሜያቸው?" ብላ ተቆጣችኝ፤ ነገ ተመለሱ አለችን፣ ተመለስን፤ የግፊቷን ማነስ እንጂ ሌላ አላገኘችባትም።

የተላጠው ነው፣ ኑርሁሴን። ቅቡን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። አራጋው እንዳይቀምሰው ነግሬዋለሁ፤ እንደ ዘንድሮ ሁኔታ ማንንም አላምንም።

ክንፈ


ደሴ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክንፈ፣

አራጋው ሞተሩን አላጠፋም፤ ቆሜ ነው የምጽፈው። ቅቡ ደርሶኛል። አንድ የድሮ ተማሪያችን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ አለ፤ ነገ እገባለሁ። ወተት ስጣት። ትውከት ካለ፣ እጅና እግሯን ከደነዘዛት፣ አፏ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ከሸተተ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል። ምክንያቱን አትጠይቀኝ። የሳጥኑን ክዳን በውስጥ በኩል እየው፤ የተሠራበት ዓመት ካለ ጻፍልኝ። ቱቦውን ቆልፍበት።

ኑርሁሴን


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኑርሁሴን፤

ከተዋወቅን ወዲህ አጭር ነገር ጽፈህ አታውቅም። የተማሪ ካርድ ላይ "ጎበዝ" የምትለዋን ቃል እንኳ ከሁለት መስመር ባነሰ አትጽፋትም ነበር። ስለዚህ ያስፈራኝ የጻፍከው ሳይሆን የደብዳቤው ማጠር ነው።

ያዘዝከኝን ሁሉ አደረግሁ። ወተቱን ትጠጣለች። እጅሽን ዘርጊ፣ ጣትሽን ቁጠሪ እያልኩ እፈትናታለሁ፤ እስካሁን አልወደቀችም። የነጭ ሽንኩርቱ ነገር ግን አስቸገረኝ። በዚህ ቤት ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ሽሮ ተሠርቶ አያውቅም፤ እንዴት ልለየው? አንድ ቀን ያለ ነጭ ሽንኩርት ሥሪ አልኳት።

"ሽንኩርቱ ምን አደረገህ?"

"አልተስማማኝም።"

ሠራችው። በልታ እስክትጨርስ ቆየሁና ጠጋ ብዬ አሸተትኳት። ዘወር ብላ አየችኝ። "አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? እንደ ጥጃ ታሸተኛለህ።" የበርበሬ ሽታ ብቻ ነበር። በርበሬ ሸቶኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የክዳኑን ጉዳይ በተመለከተ፣ በውስጥ በኩል በጣልያንኛ የተጻፈ ነገርና ቁጥር አለ። ቁጥሩ ግማሹ ተፍቆ 19 ብቻ ቀርቷል። እንደምታየው ብዙ አልረዳንም።

አሁን አንድ ነገር እንነጋገር። እኔም መጽሐፍ አለኝ። የድሮ ሰዎች ደማቁን አረንጓዴ ከምን ይሠሩት እንደነበር አንብቤያለሁ። አንተ እኔ እንዳልደነግጥ ስሙን አልጻፍከውም፤ እኔም አንተ እንዳትደነግጥ ማወቄን አልነገርኩህም። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ሾፌር እጅ እየተደባበቅን ነው። አርሰኒክ። ይኸው ጻፍኩት።

ትናንት ሌላ ነገር መጣ። እትየ አዲሱን ቀሚሷን አጣጥፋ ለጎረቤታችን ለድንቅነሽ ሰጠቻት። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ሰው ልብሱን ማደል ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።

"ምነው እትየ? ቀሚስሽን?"

"ጠበበኝ።"

"እንዴት ይጠብሻል? በሕመምሽ ሰሞን አስጠብበሽው የለም ወይ?"

"አሁን እየበላሁ ነዋ" አለችኝ፤ ምንም ነገር እንደማይገባው ሰው እያየችኝ።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እውነትም ትበላለች። ከዚያ ወዲህ ስትበላ እቆጣጠራታለሁ። አርሰኒክ ያወፍራል የሚል መጽሐፍ አላገኘሁም፤ አያወፍርም የሚልም አላገኘሁም።

ሥዕሉን ትቼዋለሁ። አለቃ ይሄነው "ለሚካኤል ይደርሳል ወይ?" ብለው ቢጠይቁኝ እጄን አሞኛል አልኳቸው። ጸለዩልኝ። ላላመመኝ እጅ የተጸለየውን ጸሎት ወደ እትየ እንዲያዞርልኝ እግዜርን ለምኛለሁ፤ መቼም አይቸግረውም።

መንገዱ ሰሞኑን ዝግ ነው ይላሉ። ይኼ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም። ያየኸውን ብቻ ጻፍልኝ፣ ክፉም ከሆነ።

ክንፈ


ደሴ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰማያዊ አልሆነም።

ሰላምታውን ከታች ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ይኼን አንብብና ተቀመጥ፤ ወይም ተቀምጠህ አንብብ። ቀለሙ ያ የፈራነው አይደለም። ተራ የፋብሪካ አረንጓዴ ነው። እህትህን አይገድላትም።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ ለማጽናናት የጻፍኩት ይመስልሃል። ያ የምንፈራው አረንጓዴ መዳብና አርሰኒክ ነው። መዳብ ያለበት እንዲህ ዓይነት ቀለም አሞኒያ ሲነካው ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። አሞኒያው ያረጀ እንዳይሆን ብዬ መጀመሪያ ከመዳብ ሽቦ ላይ አረንጓዴ ዝገት ፍቄ ሞከርኩት። ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ልቤ ቆመ፤ ማለትም ሙከራው ጥሩ ነበር። ከዚያ ያንተን ቅብ በብርጭቆ ላይ አድርጌ ጠብታውን ጣልኩበት። አረንጓዴ ነው። ጠበቅሁ። አሁንም አረንጓዴ። የላብራቶሪው መምህር "ጋሼ፣ ምንም አልሆነም እኮ" አለኝ። "ምንም ባለመሆኑ የዚህን ያህል የተደሰተ ኬሚስት አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት። በሌላ ቅብ፣ በሌላ ጠብታ ደገምኩት። ከዚያ ወንበር ስጡኝ አልኩ።

አሁን ሰላምታ። አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን ከረማችሁ፤ እትየ አልታየች እንዴት ናት፤ ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ሰብሉ እንዴት ነው።

ያልጻፍኩልህን ልጻፍልህ። ያንን ሳጥን የገዛሁት ዕቃ ቤቱን ከሚያጸዳ ሰው ነው። "የጣልያን ጊዜ ዕቃ ነው፣ እንዲህ ያለ አሁን አይሠራም" ሲለኝ ላንተ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። የዶሮዋ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ያ "አሁን አይሠራም" ያለው ነገር ትዝ አለኝ። ለምን አሁን እንደማይሠራ ከኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ሳጥኑን የሠሩት ሰዎች ጣልያንኛውን የለጠፉት ለማስዋብ ነው መሰለኝ፤ ቀለሙ ከልጄ ዕድሜ አይበልጥም። ስለተታለልኩ ሰውየውን ፈልጌ ላመሰግነው ነው።

ሩፋይዳን አስቀድሜ አልነገርኳትም ነበር። አሁን ብነግራት፣ "አባየ፣ ምልክት የሌለው ነገር አትቀበሉ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ስለፈልፍ እዚያ ጥግ ተቀምጠህ አትሰማም?" አለችኝ። "እኔ እዚያ የተቀመጥኩት እንደ በሽተኛ ነው" አልኳት። ዛሬ አታናግረኝም። የምትልህ ግን ይኼ ነው፤ የተጠጣው ተጠጥቷል፣ አይደገም፣ ሆዷ ከነሐሴ ጀምሮ የሚያማት ከሆነ ግን ለዚያ ለራሱ በደንብ ትታይ። የሙጫው ነገርም አለ። የግራር ሙጫ ሆድን ያለዝባል ይባላል። የምግብ ፍላጎቷ የተመለሰው በዚያ ይሁን በወተቱ ወይም በሌላ አላውቅም፤ ኬሚስትሪ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ሰደቃ ተስዬ ነበር። ዳቦ አስጋግሬ መስጊድ ደጃፍ ላሉት ሰጠሁ። ኢማሙ "ለማን ልበል?" ሲሉኝ "ለአልታየች" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። "ጎረቤት ናት" አልኳቸው። "አላህ ያቆይልህ" አሉ፤ ሁላችንም አሚን አልን።

በል እጅህ ከዳነ ሥዕልህን ጨርስ። እሷንም ንገራት። ስትነግራት ምን እንዳለች ቃል በቃል ጻፍልኝ።

ወንድምህ ኑርሁሴን


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኑርሁሴን፤

ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደግሞ ተነሥቼ ደጅ ወጣሁና ለድንቅነሽ "እንደምን አደርሽ" አልኳት። ከሰዓት በኋላ ነበር። እሷም "እግዜር ይመስገን" ብላ አለፈችኝ።

ቃል በቃል ብለሃል፤ ይኸው።

"እትየ፣ ያ የጠጣሽው ውሃ ጸበል አልነበረም።"

"መቼ ጸበል ነው አልኩህ?"

"አልመሰለሽም?"

"ብሩሽህን ስትነክርበት እያየሁ? ዕውር ነኝ?"

ለሳምንታት እንዴት ልንገራት እያልኩ የተጨነቅሁበትን ነገር ከኔ በፊት ታውቀዋለች።

"ታዲያ አውቀሽ ለምን ጠጣሽው?"

"የኑርሁሴን አባት የሰጡኝን ጠጥቼ አልዳንኩም?"

ይኼን እኔ አላውቅም ነበር፤ ያኔ በጡት ነበርኩ ትላለች። አባትህ ሸኽ ያሲን ግቢያችሁ ውስጥ ለደረሶቹ ቁርኣን ሲያስተምሩ፣ እሷ ልጅ ሆና ትኩሳት ይዟት ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነበር አለች። እናታችን አቅፋ በአጥሩ ቀዳዳ አሻግራ ወሰደቻት። ሸኽ ያሲን ደረሶቹ የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሎሁን፣ በጥቁር ቀለም እንደተጻፈበት በውሃ አጥበው እጣቢውን በዋንጫ አጠጧት። በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። ሎህ አጥቦ ለበሽተኛ ማጠጣት በናንተ ዘንድ ያለ መሆኑን አውቃለሁ፤ በኛ ቤት መድረሱን ግን አሁን ሰማሁ።

"እሳቸው የእግዜርን ቃል በቀለም ጽፈው፣ አጥበው አጠጡኝ" አለች። "አንተ ጌታ ያስተማረበትን በቀለም ትስላለህ፣ ታጥባለህ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?"

ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና ሳወጣ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አውጥቼ አላውቅም።

"ጸበል እያለ?" አልኳት።

"ጸበሉን ማን ያመጣልኛል? በኔ እግር ምንጩ ድረስ አይወረድም። ከመስከረም ጀምሮ አንተ ከአበባህ ጋር ነህ። ባዶ ሃይላንዴን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩልህ፤ ገፋ አድርገህ የራስህን አጠገቡ አቆምክ።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጌታ ስለ ሜዳ አበባ ያስተማረውን ለሕዝብ አሳያለሁ ብዬ፣ እዚሁ ቤቴ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ደርቃ ከብሩሼ እጣቢ ስትጠጣ አላየሁም። ሃይላንዱን አንሥቼ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ቀድቼ፣ ዳገቱን እየተነፈስኩ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ምነው፣ እትየ ብሶባት ነው?" ይለኛል። "የለም፣ እኔ ነኝ" እላለሁ። ሃይላንዱን ሰጠኋት። ተቀብላ አየችው፤ "ዘንድሮ ጠርቷል" አለች፤ ጠጣች።

የተረፈውን ከድና ካስቀመጠች በኋላ፣ "ያ እጣቢ የየትኛው ሥዕልህ ነበር?" አለችኝ።

ይኼን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። የእንክርዳዱ ነበር። ያንን ምሳሌ አንተም ታውቀዋለህ፤ ባለቤቱ ስንዴ ዘራ፣ ጠላት መጥቶ መሀሉ ላይ እንክርዳድ ዘራበት። እንዳትፈራ ብዬ ሾላ ነው ልላት አሰብኩ። ግን በአንድ ቀን አንድ ውሸት ካወጣሁ በኋላ ሌላ ማስገባት ከበደኝ፤ ነገርኳት።

"እንክርዳዱ ብቻ ነው ወይስ ስንዴውም አለበት?"

"ሁለቱም አሉ። ገና ቡቃያ ስለሆኑ አረንጓዴያቸው አንድ ነው፤ በአንድ ብሩሽ ነው የሠራኋቸው።"

አሰበች። "እንግዲያው እስከ አጨዳ ይቆያሉ" አለችና ሽሮዋን ልታማስል ሄደች።

ነርሷ ዘንድ ደግመን ሄደን ነበር። በዚህ ጊዜ እውነቱን ነገርኳት፤ ሳቀች፤ ከዚያ ሆዷን በደንብ አየችላት። ጨጓራ ነው ብላ የሚዋጥ ሰጠቻት። እትየ ክኒኑን በጸበል ትውጣለች። እኔም ብሩሽ መያዝ ጀምሬያለሁ። እጣቢውን አለቃ ይሄነው ባሉት መሠረት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የወይራ ሥር እደፋዋለሁ። ለምን እንደጠየቅኳቸው ግን አልጠየቁኝም።

ከዚህ በታች ያለው የሷ ነው። ጻፍ ብላኝ እየጻፍኩ ነው፤ ካጎደልኩ ታውቃለች።

"ኑርሁሴን፣ እንዴት ነህ፤ ልጅህስ። ዳቦ አብልተህልኛል አሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያባትህ ጥቁር ነበር፣ ይጣፍጥም ነበር። የወንድሜ አፈር አፈር ይላል፤ ሁለተኛ አልጠጣውም፣ አትስጋ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ሎሁ ላይ የነበረው የትኛው ቃል ነው? ልጅ ስለነበርኩ አልጠየቅሁም። ያዳነኝን ሳላውቅ ይኼን ሁሉ ዘመን ኖርኩ፤ ሳላውቅ ደግሞ መሞት አልፈልግም። ታውቅ እንደሆን ጻፍልኝ።"

ይኸው ነው። ታውቅ እንደሆን ጻፍላት።

ክንፈ


ደሴ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለክንፈ፤ ይኼን ለብቻህ አንብበው።

አሰላሙ አለይኩም። የእትየን ጥያቄ ለሩፋይዳ አነበብኩላት፤ አኩርፋኝ የነበረችው ልጅ ታረቀችኝ። ስለዚህ እኔም ከዚህ ነገር ሳልጠቀም አልቀረሁም።

ሎሁ ላይ ምን እንደነበር አውቃለሁ። አባቴ ሸምግለው ዓይናቸው ከደከመ በኋላ አንድ ቀን ስለ እናንተ ቤት ስናነሣ ነግረውኛል። ያን ዕለት እናታችሁ ልጅቷን አቅፋ በአጥሩ ስትገባ፣ በግቢው ብዙ ሎህ ነበር፤ የቁርኣን አንቀጽ የተጻፈባቸው። አባቴ እጃቸውን ወደ አንዱ ሰደዱና መለሱት። "ሴትዮዋ ሃይማኖቷን ትታ ሳይሆን ጨንቋት ነው የመጣችው" አሉኝ። "ልጅቷ ብትድንም ብትሞትም በኋላ ለንስሐ አባቷ የምትመልሰው እሷ ናት። በልጅ ትኩሳት የሰው ሃይማኖት አልነካም።" መልሰው እንዳይሰዷት ደግሞ ዓይኗን ማየት አቃታቸው። ስለዚህ በዚያው ሳምንት የገባ የጀማሪ ሎህ ፈለጉና እሱን አጠቡላት። ቀለሙ ከጥላሸትና ከተቆላ ገብስ ነው። እንድትጠጣው ማር ጨመሩበት። የጣፈጣት እሱ ነው።

ሎሁ ላይ የነበረው አሊፍ፣ ባ፣ ታ ነው። የፊደል ቆጠራ፤ የመጀመሪያው መስመር፣ እሱም ልጁ አጣሞ የጻፈው።

አባቴ ይኼን ሲነግሩኝ "ያታለልኳት ይመስልሃል?" ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ኬሚስት ስለነበርኩ ስለ ገብስና ስለ ማር ብዙ ነገር አወራኋቸው። አሁን ቢጠይቁኝ አጭር መልስ ነበረኝ።

ለእትየ ግን እንዴት እንደምንነግራት አላወቅሁም። ያዳናት ፊደል ነው ብንላት፣ እሷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ሊያስቃት ይችላል። ቅር ሊላትም ይችላል። በደብዳቤ የሚነገር አልመሰለኝም፤ አንተ አንብበህላት ፊቷን እኔ ሳላየው እንዲቀር አልፈልግም። ሩፋይዳ ለሚካኤል ልታመጣኝ ቃል ገብታለች፤ አራጋውም መንገዱ ክፍት ከሆነ የፊት ወንበር ይዞልኛል። ሥዕሎችህንም አያለሁ፤ እንክርዳዱን ሳታሳየኝ ለይቼ ካወቅሁት ምሳ ትጋብዘኛለህ። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ ራሴ እነግራታለሁ። ልምጭ ካነሣችም የለመድኩት ነው።

እስከዚያ "መልሱስ?" ብላ ከጠየቀችህ፣ ደብዳቤው መንገድ ላይ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ታጥቧል በላት።

ብቻ ስትነግራት አጠገቧ ሆነህ ጠብቅ፤ እጣቢውን እንዳትጠጣው።

ወንድምህ ኑርሁሴን